ከገመዱ ወዲህ የቆመ ወዳጅ

ወዳጃችን አንድ ትልቅ ነገር ሊያገኝ ወይም ሊያጣ በተቀመጠበት ሰዓት፥ ከዳር ቆመን የምንመለከት እኛ ምን ዕዳ አለብን? ጥያቄው ለሰፈራችን እንግዳ አይደለም። የወዳጁን ስም በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሊፈልግ ማልዶ ያልተነሣ ሰው ከመካከላችን የሚገኝ አይመስለንም። ነገር ግን ከራሳችን ጉዳይ ብንጀምር ልባችን ቶሎ ስለሚደፈርስ፥ ለጊዜው ወደ ሩቅ አገር ሄደን፥ ከሁላችንም ኑሮ እጅግ በራቀ ጠረጴዛ አጠገብ ቆመን ብንመረምረው ይሻላል ብለናል። ጠረጴዛው በአሜሪካ አገር በላስ ቬጋስ ከተማ የሚዘረጋ የካርታ ጠረጴዛ ነው፤ ጨዋታው ፖከር ይባላል።

«መምህራን ሆናችሁ ስለ ቁማር ልትጽፉልን ነው?» የሚል አንባቢ እንደሚኖር እናውቃለን። ተቃውሞው ተገቢ ነው። ቄሱም ሼኩም ቁማርን አይወዱም፤ እኛም ሰው የልጆቹን ራሽን አስይዞ ሲጫወት ስላየን አናመሰግነውም። የዛሬው ጉዳያችን ግን ካርታ የያዘው ሰው ሳይሆን፥ ካርታ ሳይዝ እንቅልፍ ያጣው ወዳጁ ነው።

የጨዋታውን ሥርዓት ባጭሩ እንግለጽ። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) የዓለም የፖከር ሻምፒዮና የሚባለው ውድድር በ1970 በላስ ቬጋስ፥ ቢኒየንስ ሆርስሹ በሚባል የቁማር ቤት ተጀመረ። በመጀመሪያው ዓመት አሸናፊው ጆኒ ሞስ የተመረጠው በተጫዋቾቹ ድምፅ ነበር፤ ቁማርተኞች ድምፅ ሰጥተው የሚተማመኑበት አንድ ዓመት መኖሩን ስንሰማ ፈገግ ብለናል። ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ ግን ሥርዓቱ ጠነከረ። እያንዳንዱ ተወዳዳሪ እኩል ገንዘብ ከፍሎ ይገባል፤ በምትኩ እኩል የመጫወቻ ጠጠር ይቆጠርለታል። ጠጠሩ ያለቀበት ተነሥቶ ይወጣል፤ በመጨረሻ ጠጠሩን ሁሉ ከፊቱ የከመረው ያሸንፋል። የዋናው ውድድር መግቢያ 10,000 ዶላር ነው። በ2024 የገቡት ሰዎች 10,112 ነበሩ፤ የአንደኛው ሽልማት 10 ሚሊዮን ዶላር ሆነ። ጨዋታው ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጃል፤ ገንዘብ አግኝተው የሚመለሱት ከመቶው ዐሥራ አምስት ያህሉ ብቻ ናቸው።

ለእያንዳንዱ ሁለት ካርታ በስውር ይሰጠዋል፤ አምስት ካርታ ደግሞ በየተራ በጠረጴዛው መካከል ለሁሉም ይገለጣል። በዚያ መካከል ሰው ይወራረዳል፥ ይጨምራል፥ ወይም ካርታውን ጥሎ ይቀመጣል። ባዶ እጁን ሞልቶ የተቀመጠ መስሎ ሌላውን ማስፈራራትም የጨዋታው ክፍል ነው። ተመልካቹ ከገመድ ወይም ከአጥር ወዲህ ይቆማል። ከዚያ ሆኖ የሚያየው የወዳጁን ጀርባና የጠጠሩን ቁመት ብቻ ነው። ካርታውን አያይም። ወዳጁ ዝም ብሎ ሲቀመጥ እየደፈረ ይሁን እየፈራ አያውቅም። ጠጠሩ ከፍ ሲል ደስ ይለዋል፤ ዝቅ ሲል ሆዱ ይባባል፤ ለምን ከፍ እንዳለና ለምን ዝቅ እንዳለ ግን የሚነግረው የለም።

እዚህ ላይ ጥቂት ከመንገድ እንውጣ። ዛሬ በቴሌቪዥን የሚመለከት ሰው የተጫዋቹን ስውር ካርታ ያያል፤ ተንኮል እንዳይሠራበትም ሥርጭቱ ሆን ተብሎ እንዲዘገይ ይደረጋል። ለዚህ የሚያገለግለውን ካሜራ አስቦ ፈቃድ ያስመዘገበው ሄንሪ ኦረንስታይን የሚባል ሰው ነው። በ1923 በፖላንድ የተወለደ አይሁዳዊ ሲሆን፥ ወጣትነቱን ያሳለፈው በናዚ ማጎሪያ ካምፖች ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዛወር ነው። ከጦርነቱ በኋላ አሜሪካ ገባ፤ በአሻንጉሊት ንግድ በለጸገ፤ በስተርጅና ካርታ ይጫወት ነበር። በ2021 ዐረፈ። የሌላው ሰው እጅ ምን እንደ ያዘ ማወቅ የሞት ሽረት ጉዳይ በሆነበት ስፍራ ያደገ ሰው ይህን መሣሪያ ማሰቡ ይደንቀናል፤ ምናልባት ግንኙነት የለው ይሆናል፤ ቢሆንም እኛ ካምፕ ውስጥ ተቀምጠን ስናነበው ሳይደንቀን አላለፈም።

ወደ ጉዳያችን እንመለስ። የመጀመሪያው ችግር የምኞት ነው። በጠረጴዛው ላይ ጠጠር አይፈጠርም፤ ከአንዱ ወደ አንዱ ይዛወራል እንጂ። ስለዚህ «ወዳጄ ያግኝ» ያለ ሰው ሳይወድ በግድ «ያኛው ይጣ» ብሏል። ያኛውም ከገመዱ ወዲህ የቆመች ሚስት፥ ወንድም ወይም የትምህርት ቤት ጓደኛ አለው። ታዲያ ምኞታችን ክፋት ነው? እኛ አይመስለንም። በላስ ቬጋስ የተቀመጡት ሁሉ ወድደው መጥተዋል፤ እኩል ከፍለዋል፤ መነሣት እንዳለም አውቀዋል። በእነርሱ መካከል የወዳጅን ማሸነፍ መመኘት ማንንም አይበድልም። የሚያስነውረው ሌላው ጠጠሩ አልቆ ወንበሩን ገፍቶ ሲነሣ በፊቱ ማጨብጨብ ነው።

ወደ እኛ ሲመጣ ነገሩ ይከብዳል። በእኛ ሰሌዳ ላይ ስሙ የሚወጣና የማይወጣ ሰው ወድዶ ወደ ጨዋታ የገባ አይደለም። የአንዱ ማለፍ ሌላውን እንደሚያስቀር በግልጽ ባይነገረንም፥ ቦታው ጥቂት ጠያቂው ብዙ መሆኑን ሁላችን እናውቃለን። እንግዲህ በአንዱ ደጃፍ ዕልልታ ሲቀልጥ ግድግዳ የሚጋራው ጎረቤት የዚያኑ ዕለት የእምቢታ ደብዳቤ ተቀብሎ ተቀምጦ እንደሆነ ምን ይደረግ? ደስታ ይከልከል አንልም፤ ዐሥር ዓመት የጠበቀ ሰው ደስ ሊለው ይገባል። ግን ቡናውን አፍልተው፥ ዕልልታውን ትተው፥ ጎረቤቲቱን አስቀድመው የጠሩ እናት በዚህ ሰፈር አይተናል። ያንን ያስተማራቸው ማንም የለም፤ እኛ ግን ከእርሳቸው ተምረናል።

ሁለተኛው የእርዳታ ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ ረዘም ብለን እንቆማለን።

ከዛፉ ሥር ዳማ ሲጫወቱ ተመልካቹ ዝም አይልም። «በዚህ ብላው!» «ኧረ ንጉሥ ሊሆንብህ ነው!» ይላል። ተጫዋቹ ይቆጣል፥ ይሳቃል፥ ጨዋታው ይቀጥላል። ለምን ይህ ባለጌነት ብቻ ሆኖ ሌብነት አልሆነም? ጠጠሩ ሁሉ በዐይን የሚታይ ስለሆነ፥ መካሪው ያየውን ተጋጣሚውም ሊያየው ስለሚችል ይመስለናል። በፖከር ግን ጨዋታው የቆመው ባለማወቅ ላይ ነው። ስለዚህ ከጥንት ጀምሮ የሚከበር አንድ ደንብ አለ፤ አንድ እጅ የአንድ ተጫዋች ነው የሚል። ካርታውን ይዞ ሲወስን ማንም አይመክረውም።

በ2024 ይህ ደንብ ተፈተነ። ዘጠኝ ሰዎች ብቻ በቀሩበት በመጨረሻው ጠረጴዛ ላይ ጆናታን ታማዮ የሚባል የቴክሳስ ሰው ነበረ። ወዳጆቹ ከአጥሩ ወዲህ ተቀምጠዋል፤ ከእነርሱም አንዱ የ2015 አሸናፊ ጆ መኪሄን ነው። አጠገባቸው ተንቀሳቃሽ ኮምፒዩተር ከፍተው ነበር። ታማዮ ከአንዱ ጨዋታ ወደ ሌላው በሚሸጋገርበት መካከል ወደ እነርሱ ሄዶ ያነጋግራቸዋል፤ ተመልሶም ይጫወታል። ካርታ በእጁ ሳለ የነገረው የለም። አሸነፈ፤ 10 ሚሊዮኑን ወሰደ፤ አዘጋጆቹም ድሉን አልሻሩበትም። ነገር ግን የፖከሩ ዓለም ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ወገን «ወዳጅ ወዳጁን ከመምከር በቀር ምን አደረገ?» አለ። ሌላው ወገን «በዚያ ወንበር የተቀመጠው አንድ ሰው ነው ወይስ ሦስት ሰውና አንድ መኪና?» ሲል ጠየቀ። በሚቀጥለው ዓመት ደንቡ ጠበቅ ተደረገ።

እኛ ከሁለተኛው ወገን ነን፤ ሆኖም የመጀመሪያውን አንንቅም። በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ሳለን በየቀኑ የሚገጥመን ነገር ነበርና ነው። ተማሪን ከፈተና በፊት ሌሊቱን ሙሉ ማስጠናት የመምህር ግዴታ ነው፤ ደወሉ ከተደወለ በኋላ አንዲት ቃል ሹክ ማለት ግን ኩረጃ ነው። ዕውቀቱ ያው አንድ ዕውቀት ነው። የተለወጠው ሰዓቱ ብቻ ይመስላል። በእውነቱ የተለወጠው የመልሱ ባለቤት ነው። ከፈተናው በፊት የሰማውን ልጁ አላምጦ የራሱ ያደርገዋል፤ በፈተናው መካከል የሰማውን ግን እንዳለ ይተፋዋል።

አሁን አንባቢ ወዴት እንደምንሄድ ሳያውቅ አልቀረም። ወዳጃችን ነገ ቃለ መጠይቅ አለበት። ዛሬ ማታ ምን እንንገረው? ክፍሉ ምን እንደሚመስል፥ አስተርጓሚው ካልገባው ደግሞ እንዲጠይቀው፥ ያላስታወሰውን «አላስታውስም» ማለት እንደሚችል፥ ቀኖቹን በቅደም ተከተል አስቦ እንዲያድር፥ ይህን ሁሉ መንገር ተገቢ ነው፤ አለመንገርም ንፉግነት ነው። የሌላ ሰው ታሪክ አልፎበታልና አንተም እርሱን ተናገር ማለት ግን ካርታውን ከእጁ ቀምቶ ስለ እርሱ መጫወት ነው። ከዚያም የባሰ አለው። ያው ታሪክ በሃያ አፍ ሲነገር ሰሚው መጠራጠር ይጀምራል፤ ሃያ አንደኛው ደግሞ እውነቱ ያው የሆነ ሰው ይሆናል፤ እርሱን ማን ያምነዋል?

«ጠረጴዛው ራሱ ፍትሕ የሌለው ከሆነ ደንቡን የማክበር ግዴታ ከየት መጣ?» የሚሉ ወንድሞች አሉ። ብርቱ ጥያቄ ነው። በላስ ቬጋስ ሁሉም እኩል ጠጠር ይዞ ይጀምራል፤ እዚህ ግን አንዱ ሰነድ ይዞ፥ ሌላው ሰነዱ ከቤቱ ጋር ተቃጥሎበት ይመጣል። እኛ የምንመልሰው ይህን ያህል ነው፤ ደንቡን የምናከብረው ለጠረጴዛው ባለቤት ብለን አይደለም፤ ከኋላችን ለተሰለፈው ለሃያ አንደኛው ሰው ብለን ነው።

ስለ ድርሻ አጠር አድርገን እንለፍ። በ2003 ያሸነፈው ክሪስ መኒሜከር (የቤተሰቡ ስም ትርጉሙ «ገንዘብ ሠሪ» ነው፥ ፈጠራችን እንዳይመስላችሁ) በቴነሲ የሚኖር የሒሳብ ሠራተኛ ነበር። ከመቶ ዶላር ባነሰ ገንዘብ በኢንተርኔት ማጣሪያ አልፎ ገባ፤ 838 ሰዎችን አስከትሎ 2.5 ሚሊዮን ዶላር አሸነፈ። አባቱና አንድ ጓደኛው አስቀድመው ድርሻ ገዝተውት ስለ ነበር ተካፈሉ። በ2006 ግን ጄሚ ጎልድ 12 ሚሊዮን ሲያሸንፍ፥ አንድ ሰው ግማሹ ቃል ተገብቶልኛል ብሎ ከሰሰው፤ ክሱ በሚቀጥለው ዓመት በስምምነት አለቀ። ልዩነቱ ግልጽ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ድርሻቸውን የወሰኑት ካርታው ሳይታደል ነው። ለወዳጁ መንገድ ያዋጣ ሰው ብድር ከሆነ ብድር ነው ይበል፥ ስጦታ ከሆነም ስጦታ ነው ብሎ ይርሳው። ባሕር ከተሻገረ በኋላ «የበላኸው የእኔ ነበር» የሚል ደብዳቤ መጻፍ ወዳጅነትንም ብድርንም ያጠፋል።

በመጨረሻ ስለ ተሸናፊው። በፖከር ከሚታደሉት ሁለት ካርታዎች የሚበልጠው የአስ ጥንድ ነው። የአስ ጥንድ የያዘ ሰው የንጉሥ ጥንድ ከያዘ ሰው ጋር ያለውን ጠጠር ሁሉ ቢያጋጥም፥ ከመቶው 82 ጊዜ ያህል ያሸንፋል። 18 ጊዜ ያህል ግን ይሸነፋል። በዚያ በ18ቱ የወደቀው ሰው ምን አጠፋ? ምንም። ቢደገምም ያንኑ ማድረግ ይገባው ነበር። በሙያው የቆዩ ተጫዋቾች ይህን ስለሚያውቁ የወደቀ ወዳጃቸውን «አሸነፍህ ወይ?» ከማለት ይልቅ «እንዴት ተጫወትህ?» ብለው ይጠይቃሉ ይባላል።

እኛስ? ከቃለ መጠይቅ እምቢታ ተቀብሎ የተመለሰ ሰው ገና ጫማውን ሳያወልቅ «ምን ብለህ ነው?» እንለዋለን። አነጋገሩ የጥያቄ ቢሆንም ፍርድ ነው። ጥፋት ከእርሱ ዘንድ እንድናገኝ እንፈልጋለን፤ ምክንያቱም ጥፋቱ የእርሱ ከሆነ፥ እኛ ስንጠራ ያንን ጥፋት ባለማድረግ እናልፋለን ማለት ነው። ምንም ሳያጠፋ ቀርቶ እንደሆነ ግን እኛም ምንም ሳናጠፋ ልንቀር ነው፤ ይህን መሸከም ያቅተናል። ስለዚህ የራሳችንን ፍርሃት በእርሱ ትከሻ ላይ እንጭነዋለን። እርሱም ሌሊት ሌሊት ያለውንና ያላለውን እየመረመረ፥ የትኛዋ ቃል እንደገደለችው ይፈልጋል። አንዳንዱ ከዚያ በኋላ ከሰው መካከል መቀመጥ ይተዋል።

ባለፈው ክረምት እንዲህ ሆኖ የተመለሰ አንድ ጎልማሳ ነበር። ጓደኛው ምንም ሳይጠይቀው የዳማውን ሰሌዳ አውጥቶ ጠጠር ደረደረ። ሦስት ዙር ተጫወቱ። በአራተኛው ላይ ሰውዬው ራሱ መናገር ጀመረ።

ስለ ቃለ መጠይቁ በጻፍነው የማይስማማ አንባቢ ካለ ሐሳቡን በአንድ ገጽ ጽፎ ለቀጣዩ እትም ይላክልን። ሃያ አንደኛው ሰው ነኝ የሚል ካለም ይጻፍልን። የዚህ ጽሑፍ ቅጂ ሦስት ብቻ ስለሆነ አንብባችሁ ለጎረቤት አስተላልፉ።