ደብዳቤውን ክፈት፣ በሩን ዝጋ

ልጄ፣ የካውንስል ታክስ ዕዳህን ነገር ሰምቻለሁ። ማን ነገረዎት ብለህ አትድከም፤ ለንደን ውስጥ የሐበሻ ወሬ ከፖስታ ቀድሞ ይደርሳል። ገንዘቡ እንኳ ይህን ያህል አላስጨነቀኝም። ያስጨነቀኝ ደብዳቤዎቹን ሳትከፍት መደርደርህ ነው።

እኛ ቤት በር ሲንኳኳ ማንነቱ ሳይጠየቅ ይከፈታል፤ ሰውን ደጅ አቁሞ ማናገር ነውር ነው። የመንግሥት ወረቀት ሲመጣ ግን እጃችን ይከብዳል። እዚህ አገር ባለዕዳ ሐበሻን የሚጎዳው ይኸው ነው፤ መከፈት ያለበትን ይዘጋል፣ መዘጋት ያለበትን ይከፍታል።

እያንዳንዱ ያልተከፈተ ደብዳቤ ዋጋ አለው። የአንድ ወር ክፍያ ሲያመልጥህ ካውንስሉ ማስታወሻ ልኮ ሰባት ቀን ይሰጥሃል። በዚያ ውስጥ ከከፈልክ ነገሩ አለቀ። ዝም ካልክ በየወሩ የመክፈል መብትህ ይቀርና የዓመቱ ቀሪ ሒሳብ ባንድ ጊዜ ይፈለግብሃል። ቀጥሎ የማጅስትሬት ፍርድ ቤት መጥሪያ ይመጣል፤ ወጪው አንተው ላይ ይደመራል። ፍርድ ቤቱ ዕዳው ያንተ ነው ብሎ ትዕዛዝ ከሰጠ በኋላ ካውንስሉ ከደመወዝህ ሊያስቆርጥ ወይም ጉዳይህን ዕዳ አስፈጻሚ ለሆነው ቤይሊፍ ሊያስተላልፍ ይችላል። ቤይሊፍ ደግሞ በነጻ አይንቀሳቀስም። እ.ኤ.አ. በ2014 ሥራ ላይ የዋለው ታሪፍ ሲወጣ ፋይሉ እጁ ሲገባ 75 ፓውንድ፣ ቤትህ ድረስ ሲመጣ ሌላ 235 ፓውንድ እንዲጨመር ፈቅዷል፤ ዕዳው ከ1,500 ፓውንድ ካለፈም በትርፉ ላይ በመቶኛ እንዲታሰብ ደንግጓል። ከመምጣቱ በፊት ግን ቢያንስ የሰባት ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ መስጠት ግዴታው ነው። ያቺን ወረቀት ከፍተህ በዚያው ሳምንት የክፍያ ስምምነት ላይ ከደረስክ ሁለተኛው ሒሳብ አይመጣብህም።

አሁን ወደ በሩ። ለካውንስል ታክስ የመጣ ቤይሊፍ በመጀመሪያ ጉብኝቱ በርህን ሰብሮ መግባት አይችልም። ገፍትሮህ ማለፍ፣ በሩ እንዳይዘጋ እግሩን ማስገባት፣ በመስኮት መግባት ሁሉ ክልክል ነው። መምጣት የሚችለውም ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ነገር ግን በሩን ሳትቆልፍ ከተውከው እጀታውን አዙሮ ቢገባ ሕጉ አይከለክለውም። ጨዋም ሊሆን ይችላል፤ ውጪው ይበርዳል፣ ውስጥ ቁጭ ብለን እንነጋገር ሊልህ ይችላል። አንተም በአስተዳደግህ ሻይ ልታፈላለት ትነሣለህ! አንዴ በሰላም ከገባ ዕቃህን ይመዘግባል፣ ያስፈርምሃል፤ የፈረምከውን ውል ካፈረስክ ተመልሶ ሲመጣ በኃይል የመግባት መብት ያገኛል። ስለዚህ በበሩ ቀዳዳ ወይም በላይኛው መስኮት አነጋግረው። መታወቂያውንና የዕዳውን ዝርዝር በደብዳቤ ሣጥኑ በኩል ያሳይህ። አትሳደብ፣ አትዋሽ፤ ከካውንስሉ ጋር እየተነጋገርኩ ነው በለውና ተሰናበተው። ይህን አብረውህ ለሚኖሩት ሁሉ ንገር። እናትህ ከአገር ቤት መጥታ ብቻዋን ስትሆንም እንዳትከፍት አስጠንቅቃት። ቤት ውስጥ ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ብቻ ካሉ ደግሞ ቤይሊፉ መግባት የለበትም።

መኪናህ ግን ደጅ ነው፤ እሱን በር አይጠብቀውም። መንገድ ላይ ወይም ቤትህ ፊት ለፊት የቆመን መኪና ጎማውን በብረት አስረው፣ ኋላም ወስደው በሐራጅ ሊሸጡት ይችላሉ። ለሥራ የምትገለገልበት ዕቃ እስከ 1,350 ፓውንድ ድረስ ጥበቃ አለው፤ የታክሲ ሥራ የምትሠራበት መኪና ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በላይ ያወጣል። ዱቤው ያላለቀ መኪና ከሆነ የፋይናንስ ኩባንያው ንብረት ነውና ውሉን አሳያቸው። ማስጠንቀቂያው ከደረሰህ በኋላ ስሙን ወደ ጓደኛ ላዛውር ማለትን ግን እርሳው፤ ሌላ ጣጣ ነው። አልጋ፣ ልብስ፣ ምድጃ፣ ማቀዝቀዣና የልብስ ማጠቢያ ማሽን አይነኩም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ ዕዳው በርግጥ ያንተ መሆኑን እይ። ክፍል በክፍል በሚከራይ ቤት ውስጥ አንዷን ክፍል ብቻ ተከራይተህ ከነበረ፣ ብዙውን ጊዜ ከፋዩ አከራዩ ነው። ብቻህን የኖርክበት ጊዜ ካለ ሩብ ቅናሽ ይገባሃል። ሙሉ ጊዜ ተማሪ ከነበርክም ተናገር። ብዙ ልጆች ቪዛዬ ይበላሻል ብለው እነዚህን ሳይጠይቁ ይቀራሉ። ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው የሚሰጠው የካውንስል ታክስ ድጎማ በርግጥ ከመንግሥት እርዳታ ይቆጠራል፤ ቪዛህ እርዳታ የሚከለክል ከሆነ ሳታማክር አትንካው። የብቸኛ ነዋሪ ቅናሽና የተማሪ ነጻነት ግን ከዚያ ውስጥ አይገቡም።

ሲቲዝንስ አድቫይስ፣ ናሽናል ዴትላይን፣ ስቴፕቼንጅ ምክራቸው በነጻ ነው። ዕዳ አማካሪ ከተስማማበት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ ሕጉ የ60 ቀን ፋታ ይሰጣል፤ በዚያ ጊዜ ቤይሊፉ እጁን ይሰበስባል። ከታመምክ ወይም እንግሊዝኛው ካስቸገረህም ሳታፍር ንገራቸው፤ የመንግሥቱ መመሪያ ቤይሊፎች እንዲህ ያለውን ሰው በጥንቃቄ እንዲይዙ ይጠይቃል። ይሉኝታህን ለሠርግና ለለቅሶ አቆየው።

ዕቁቡ ደርሶህ ሁሉንም ባንዴ ልክፈል ማለትህን ግን አልወደድኩልህም። ዕቁብ ራሱ ዕዳ ነው፤ ብትሰብረው የምታጣው ሰው ነው። ገቢህንና ወጪህን በአንድ ገጽ ጻፍና የምትችለውን ትንሽ ገንዘብ በየወሩ አቅርብ፤ ቤይሊፉ እምቢ ቢል ያንኑ ለካውንስሉ በጽሑፍ ላክ፣ መክፈልም ጀምር። በስልክ የተባለውን ሁሉ ከቀኑና ከሰውየው ስም ጋር መዝግብ።

ያለፈውን ስታሳድድ የዘንድሮው እንዳያመልጥህ፤ እሱ ከወደቀ ሌላ ትዕዛዝ፣ ሌላ የቤይሊፍ ሒሳብ ይከተላል። ካውንስሉ ሒሳቡን በአሥር ወር ከፋፍሎ ነው የሚልከው። ኤፕሪል ሳይገባ ጽፈህ በ12 ወር ይሁንልኝ በላቸው፤ ከጠየቅክ ይፈቅዱልሃል፣ የወሩም ክፍያ ይቀልልሃል።