ታብሌቱ የቤቱ ነው፤ ኢሜይሉ ግን የማን ነው?

ታብሌት በብዙ ቤት የጋራ ዕቃ ነው። አባት ጠዋት ዜና ያነብበታል፤ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ካርቱን ያዩበታል፤ እናት ማታ ባሕር ማዶ ካለች እህቷ ጋር በቪዲዮ ታወራበታለች፤ እንግዳ ሲመጣ ደግሞ የሠርግ ፎቶ ተከፍቶበት ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። በዚሁ ዕቃ ውስጥ የአንዱ የቤተሰብ አባል ኢሜይል ሌት ተቀን ክፍት ሆኖ ይቀመጣል። ፓስዎርድ አይጠይቅም፤ በጣት መንካት ይበቃል። ምክሬ አጭር ነው፦ ታብሌቱ የሁሉም ከሆነ ኢሜይላችሁን አውጡበት፤ ኢሜይሉ እዚያው መኖር ካለበት ታብሌቱ የአንድ ሰው ይሁን። በሁለቱ መካከል የሚያስኬድ መንገድም አለ፤ እሱን የመረጠ ሰው ግን ጥቂት ሥራ መሥራት አለበት።

ምቾቱን አላናንቅም። ዐይኑ ለደከመ ሰው በስልክ የማይታየው ፊደል በታብሌት ሰፍቶ ይነበባል። ረጅም የኪራይ ውል፣ የትምህርት ቤት ማስታወቂያ ወይም የኤምባሲ ቅጽ በሰፊ ስክሪን ላይ ማንበብ ስሕተትን ይቀንሳል። ሲም ካርድ የሌለው ታብሌት እንኳ ዋይፋይ ባገኘ ቁጥር ደብዳቤውን ያመጣል። እነዚህ እውነተኛ ጥቅሞች ናቸውና ሰውን በደፈናው "ተዉት" ብሎ መገሠጽ አይገባም። መጠየቅ ያለበት የዚህን ምቾት ዋጋ የሚከፍለው ማን እንደሆነ ነው።

ኢሜይል ደብዳቤ መቀበያ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይህን ያህል ባላሳሰበ ነበር። የፌስቡክ ፓስዎርዳችሁን ብትረሱ አዲስ ለማውጣት የሚያስችለው መልእክት የሚላከው ብዙ ጊዜ ወደ ኢሜይላችሁ ነው። የመገበያያ ድረ ገጹ፣ የፎቶ ማስቀመጫው፣ ውጭ አገር ላላችሁ ደግሞ የሆስፒታሉና የግብር ጉዳይ አካውንታችሁ በአብዛኛው በዚሁ መንገድ ይሠራሉ። ስለዚህ ኢሜይላችሁን የከፈተ ሰው የቀረውን ፓስዎርድ ማወቅ አያስፈልገውም፤ "ረስቻለሁ" የሚለውን ተጭኖ መጠበቅ ነው። ክፍት ኢሜይል ያለበትን ታብሌት ሳሎን ጠረጴዛ ላይ መተው የቤቱን፣ የቁም ሳጥኑንና የሱቁን ቁልፍ በአንድ ቀለበት አስሮ በር ላይ እንደ ማንጠልጠል ነው። ወደ ስልክ የሚላክ ሁለተኛ ኮድ ያለው አካውንት ይሻላል፤ ኮዱ ራሱ በኢሜይል የሚመጣ ከሆነ ግን ያው ነው።

"ከቤተሰቤ ምን የምደብቀው አለኝ?" የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ይህን መልስ አከብራለሁ፤ ከመተማመን የመጣ ነውና። ከአንድ መሶብ በሚበላበት ቤት ፓስዎርድ ማድረግ እንደ መጠራጠር ይቆጠራል፤ ባል ሚስቱን፣ ሚስትም ባሏን "ምን ብትደብቅ ነው?" ብለው ይጠያየቃሉ። ነገር ግን ኢሜይሉ ውስጥ ያለው የእናንተ ገመና ብቻ አይደለም። ወንድማችሁ ሥራ ማጣቱን ለእናንተ ብቻ ጽፎላችኋል። ጓደኛችሁ ምክር ፈልጋ የጠበቃዋን ደብዳቤ ልካላችኋለች። የአጎታችሁ ልጅ የሕክምና ውጤቱን አባሪ አድርጎ "ለማንም እንዳትናገሩ" ብሏል። የራሳችሁን ገመና ለቤታችሁ ክፍት ማድረግ መብታችሁ ነው፤ የእነሱን ግን እንድትከፍቱ ማንም አልፈቀደላችሁም። እነሱ የጻፉት ለእናንተ እንጂ ሳሎናችሁ ውስጥ ለሚቀመጥ ሰው ሁሉ አይደለም።

አገራችን ፖስታ ቤት ካቋቋመች፣ ከ1886 ዓ.ም. ወዲህ፣ ደብዳቤ በብዙ እጅ ሲያልፍ ኖሯል። ፊደል የቆጠረ ሰው በሌለበት ቤት የጎረቤት ተማሪ ልጅ ተጠርቶ ያነብ ነበር። በፍርድ ቤት ደጃፍ ማመልከቻ ጸሐፊዎች የሰውን ችግር ከአፉ ተቀብለው ወረቀት ላይ ያሰፍሩ ነበር። "ድሮም እኮ ምስጢር የሚባል አልነበረም" የሚል ሰው ይህን ይጠቅስ ይሆናል። እኔ ግን ከዚያ ዘመን የማየው ሌላ ነገር ነው። አንባቢው ተመርጦ ነበር የሚጠራው። አፉን የማይዝ ልጅ ሁለተኛ አይጠራም፤ ደብዳቤው የሚነበብበት ሰዓትም ይመረጣል፤ እንግዳ ካለ ይቆያል። ዛሬ በሳሎኑ ታብሌት ላይ የጠፋው ያ ምርጫ ነው። ማን፣ መቼ፣ የትኛውን ደብዳቤ እንደሚያይ የወሰነ ሰው የለም።

ልጆችን ጥፋተኛ ማድረግም አይገባም። ካርቱን የሚያይ የሰባት ዓመት ልጅ ስክሪኑ አናት ላይ "የምርመራ ውጤትዎ ደርሷል" የሚል ማሳወቂያ ብቅ ቢል ይነካዋል። ማንበብ ከቻለ "እማዬ፣ ታመሽ ነው?" ብሎ እንግዳ ፊት ይጠይቃል፤ ካልቻለ ያጠፋዋል፤ ወይም ለመሥሪያ ቤታችሁ ትርጉም የሌለው የፊደል ድርድር መልስ አድርጎ ይልካል። ከፍ ያሉት ልጆች ግን ያነበቡትን ይረዳሉ። የወላጆቻቸውን የዕዳ ማስጠንቀቂያ ወይም የፍቺ ደብዳቤ በአጋጣሚ አንብበው፣ ለማንም ሳይተነፍሱ ተሸክመውት የሚኖሩ ልጆች አሉ። ከዚህ ሁሉ ጉዳት ይበልጥ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፤ የተከፈተ አካውንት ተመልሶ ይዘጋል፣ ልጅ ያነበበውን ግን ማስረሳት አይቻልም።

መፍትሔው እንደ ታብሌቱ ዓይነት ይለያያል። አንድሮይድ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በታብሌት ላይ ለእያንዳንዱ ሰው የተለየ ተጠቃሚ መክፈት ይፈቅዳል፤ በአብዛኞቹ ላይ ሴቲንግ ውስጥ ታገኙታላችሁ። ለልጆቹ የራሳቸውን፣ ለእንግዳም የእንግዳ መግቢያ ከከፈታችሁ፣ የእናንተንም መግቢያ በቁጥር ከቆለፋችሁ፣ ኢሜይላችሁ በእነሱ በኩል ጨርሶ አይታይም። አይፓድ እንዲህ አይደለም። አፕል ብዙ ተጠቃሚ የሚያስተናግደውን አሠራር ለትምህርት ቤቶችና ለድርጅቶች እንጂ ለቤት አልሰጠም፤ የቤት አይፓድ የተሠራው ለአንድ ሰው ነው። ስለዚህ አይፓድ የሚጋራ ቤተሰብ ጥንቃቄው መጨመር አለበት። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው አይፓድ ኦኤስ 18 አንድን አፕ ለብቻው መቆለፍ ያስችላል፤ የአፑን ምልክት ተጭናችሁ ብትቆዩ ምርጫው ይመጣላችኋል። ልጆቹ የታብሌቱን መክፈቻ ቁጥር የሚያውቁ ከሆነ ግን መቆለፉ አይጠቅምም፤ ፊት ወይም አሻራ ሲያቅተው የሚጠይቀው ያንኑ ቁጥር ነውና። ቁጥሩን ቀይሩና ልጆቹ ሲፈልጉ እናንተው ክፈቱላቸው። ልጁን በአንድ አፕ ውስጥ ብቻ የሚያቆየው "ጋይድድ አክሰስ" የሚባለው አሠራርም ለትንንሾቹ ደኅና ነው።

ከሁሉ የሚቀልለው ማሳወቂያውን ዝም ማሰኘት ነው። ስክሪኑ ተቆልፎ ሳለ የደብዳቤው የመጀመሪያ መስመር እንዳይታይ ማድረግ ከአንድ ደቂቃ በላይ አይወስድም፤ ከኢሜይሉ አፕ የሚመጣውን ማሳወቂያ ጨርሶ ማጥፋት ደግሞ የበለጠ ነው። ታብሌታቸውን በማኅበር ወይም በሥራ ስብሰባ ላይ ስክሪን ለማጋራት የሚጠቀሙ ሰዎች ይህን ሳያደርጉ መቀመጥ የለባቸውም።

የጋራ አይፓድ ላለው ቤት እኔ የምመርጠው ግን አካውንቱን ከታብሌቱ ላይ አንሥቶ፣ ኢሜይል ሲያስፈልግ በብራውዘሩ የግል መስኮት ከፍቶ፣ አንብቦ መውጣት ነው። ብራውዘሩ "ፓስዎርዱን ላስቀምጥ?" ሲል እምቢ በሉት። ፓስዎርድ መጻፉ ያሰለቻል፤ የምትከፍሉት ግን ይህችን ብቻ ነው፣ የምታድኑትም የብዙ ሰው ገመና ነው። አባሪ ሰነድ ካወረዳችሁ ደግሞ ከኢሜይሉ ብትወጡም ሰነዱ በታብሌቱ ማውረጃ ፎልደር ውስጥ ይቀራል። የፓስፖርት ቅጂ፣ የባንክ መግለጫ፣ የልደት የምስክር ወረቀት እዚያ ተረስቶ የሚገኝበት ቤት ብዙ ነው። ገብታችሁ አጽዱት።

በዕድሜ ለገፉ ወላጆች የምሰጠው ምክር ከዚህ ይለያል። ለእነሱ የታብሌቱ ምቾት ቅንጦት አይደለም፤ ያለ እሱ የሐኪም ቀጠሯቸውን ማንበብ አይችሉም። ኢሜይላቸው እዚያው ይኑር፤ ታብሌቱም የእነሱ ብቻ ይሁን። የልጅ ልጅ እንዲጫወትበት አይሰጥ። በአሜሪካም በአውሮፓም ባለው ማኅበረሰባችን የእናትን ኢሜይል የሚከፍተው፣ ፓስዎርዱንም የሚይዘው ብዙ ጊዜ ልጅ ነው። ልጁ ረዳ እንጂ አላጠፋም። ያንኑ አካውንት በራሱ ስልክ ላይ ጭኖ፣ እናቱ ሳታውቅ የሐኪሟን ደብዳቤ ከእሷ ቀድሞ የሚያነብ ከሆነ ግን መስመር አልፏል። እማማ እንግሊዝኛ ባያነቡ እንኳ ገመና አላቸው። "ይህን ላንብብልሽ?" ብሎ መጠየቅ ትልቅ ሥራ አይደለም። አክብሮት የምንለው ጉልበት ስመን ሰላም በማለታችን ብቻ የሚያልቅ ከሆነ ጎደሎ ነው።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች በሰው ቤት የምትሠሩ እህቶቼ፣ ለእናንተ ቃሌ ጠንከር ያለ ነው። የአሠሪዎቻችሁን ታብሌት ለደቂቃ ተውሳችሁ ብትጠቀሙ አካውንታችሁን እላዩ ላይ አትጨምሩ። የጉግል አካውንት አንድሮይድ ታብሌት ላይ ሲጨመር ደብዳቤው ብቻ ሳይሆን የስልክ ቁጥር ዝርዝራችሁም ሊከተል ይችላል፤ ታብሌቱ ከእጃችሁ ከወጣ በኋላም እዚያው ይቀራል። የውላችሁን ቅጂና የፓስፖርታችሁን ፎቶ የምታስቀምጡበትን ኢሜይል ከራሳችሁ ስልክ ውጭ አትክፈቱ። በአገር ቤትም የዚህ ጉዳይ ዘመድ የሆነ ልማድ አለ፦ ዲቪ ለሚያስሞሉ ሰዎች ኢሜይሉን ቅጹን የሚሞላላቸው ሰው ከፍቶላቸው ፓስዎርዱንም እሱው ይዞት ይቀራል። የዲቪው ቅጽ የኢሜይል አድራሻ ይጠይቃል፤ የማረጋገጫ ቁጥሩ የጠፋበት ሰው መልሶ ሲፈልገው የሚጠየቀውም ያንኑ አድራሻ ነው። የእናንተን ዕድል በሌላ ሰው ኢሜይል ላይ አታኑሩ።

ወደ አሜሪካ የምትመላለሱም አንድ ነገር እወቁ። የአገሪቱ የጉምሩክና የድንበር ጥበቃ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በጥር 2018 ያወጣው መመሪያ ሠራተኞቹ በመግቢያ በር ላይ ኤሌክትሮኒክ ዕቃ እንዲፈትሹ ይፈቅዳል፤ ፍተሻው ግን ዕቃው ላይ ባለው መረጃ እንዲወሰን፣ በኢንተርኔት ብቻ የሚገኘውን እንዳይነካ ያዛል። ወደ ታብሌቱ ወርዶ የተቀመጠ ደብዳቤ "ዕቃው ላይ ያለ" ነው። የጂሜይል አፕ በአንድሮይድ ላይ ካልነካችሁት በቀር የ30 ቀን ደብዳቤ ያወርዳል፤ ቁጥሩን መቀነስ ይቻላል። የደንበኞቹን ጉዳይ የሚይዝ ጠበቃ፣ የሕሙማንን መረጃ የሚይዝ ሐኪም ወይም ምንጮች ያሉት ጋዜጠኛ ለጉዞ ሲነሣ ታብሌቱን ያለ ኢሜይል ቢይዝ ይሻላል።

ታብሌቱ ስክሪኑ ተሰብሮ ጥገና ቤት ሲገባ፣ ሲጠፋ ወይም ሲሸጥም ያው ጥንቃቄ ነው። ለጥገና ከመስጠታችሁ በፊት ከኢሜይሉ ውጡ። ስክሪኑ አልሠራ ብሎ መውጣት ካልቻላችሁ በስልካችሁ ጉግል አካውንታችሁ ውስጥ ገብታችሁ የመሣሪያዎቻችሁን ዝርዝር አውጡ፤ ታብሌቱን ከሩቅ ማስወጣት ትችላላችሁ። ስትሸጡት አካውንቱን አንሥታችሁ፣ ሙሉ በሙሉ ፎርማት አድርጋችሁ ስጡ። በመሥሪያ ቤት ኢሜይል ረገድ ደግሞ፣ አስተዳዳሪው ታብሌቱን ከሩቅ ሊያጸዳ የሚችልበት አሠራር ስላለ የልጆቻችሁ ፎቶ አብሮ እንዳይጠፋ ከመጫናችሁ በፊት ጠይቁ።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 በፖስታ፣ በስልክና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚደረግ ግንኙነት አይደፈርም ይላል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል። እነዚህ ሕጎች መኖራቸው መልካም ነው፤ ሳሎን ውስጥ ክፍቱን የተተወ ታብሌት ግን አይዘጉም። እናንተው ዝጉት። ዛሬ ማታ ታብሌቱን አንሡና ማን ማን እንደሚጠቀምበት ቆጥሩ፤ ከአንድ ሰው በላይ ከሆነ ኢሜይሉን አውጡ፣ ወይም ለየሰዉ መግቢያ ክፈቱ። የእናታችሁ ደብዳቤ እሷ ሳትፈቅድ በእናንተ ስልክ ላይ ካለም ደውሉላትና ጠይቋት፤ እምቢ ካለች ያንኑ ሰዓት አጥፉት።