ወንበሩ የማን ነው?

እስኪ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ነርስ ለመሆን የሚያስፈልገው ምንድን ነው? «ውጤት» የሚል ይኖራል። «ርኅራኄ» የሚልም አለ። «ሰው ማወቅ ነዋ!» ብሎ የሚስቅም አይጠፋም። ሦስቱንም መልሶች አርባ ምንጭ ውስጥ፣ ከሴቻ እስከ ሲቀላ፣ ሰው ተሰብስቦ ቡና በሚጠጣበት ሁሉ እሰማቸዋለሁ። በተለይ የ12ኛ ክፍል ውጤት ወጥቶ ወላጅ የልጁን ማስረጃ በፕላስቲክ ጠቅልሎ ከቢሮ ቢሮ በሚዞርበት ሰሞን።

ሰሞኑ የጭንቅ ሰሞን ነው። በ2014 ዓ.ም. ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 ከመቶ ሆኑ። «እየተሻሻለ ነው» ብንል እንኳ፣ ከመቶ ልጆች ከዘጠና የሚበልጡት የዩኒቨርሲቲን በር በቀጥታ አላለፉም ማለት ነው። እነዚህ ልጆች የት ይግቡ? ገሚሱ ሪሚዲያል ይገባል፣ ገሚሱ ሥራ ፍለጋ ይወጣል፣ ገሚሱ ከኮሌጆች በር ላይ ይሰለፋል። አርባ ምንጭ የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ያላት ከተማ ናትና ከደጋውም ከቆላውም ያለው ወላጅ ወደ እሷ ያያል። የነርስነት ወንበር ግን ከሰልፉ ያንሳል። ታዲያ ለማን ይሰጥ?

ሁለት ልጆችን በሐሳባችን እናምጣ። አንደኛዋ የሲቀላ ልጅ ናት። አባቷ መኪና ላይ ሙዝ የሚጭን የቀን ሠራተኛ ነው። ማታ ማታ በሞባይል መብራት እያጠናች ጥሩ ውጤት አምጥታለች። ሁለተኛዋ ከቦንኬ ደጋ የወረደች ናት። ውጤቷ ማለፊያውን አልፏል፤ ከሲቀላዋ ልጅ ግን በጥቂት ነጥብ ያንሳል። አፏን የፈታችው በጋሞኛ ነው፤ የሲቀላዋ ደግሞ ጋሞኛ ትሰማለች እንጂ አትናገርም እንበል። የቀረው ወንበር አንድ ነው። መዝጋቢ ብትሆኑ ማንን ታስገባላችሁ?

«ይሄማ ምን ያከራክራል? ውጤት ያላት ትግባ!» የሚለውን ሰው አልንቀውም። እንዲያውም ግማሽ ልቤ ከእሱ ጋር ነው። ውጤት ዘመድ አያውቅም። «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ» በምንባባልበት አገር፣ የማን ልጅ ነሽ ብሎ የማይጠይቅ ነገር ማግኘት ቀላል አይደለም። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የፈተና ወረቀት የማርመው የተማሪውን ስም አጥፌ ነበር። ስም ብዙ ነገር ያወራላ! አገሩን፣ ሃይማኖቱን፣ ወንድ ሴትነቱን ይናገራል። ስም የታጠፈበት ወረቀት ግን የጫኙንም ልጅ የሹሙንም ልጅ እኩል ያቀርባቸዋል። ደሀ በዚህች አገር ካሉት ጥቂት ጠበቆች አንዱ ፈተና ነው ብል አጋነንክ የሚለኝ ያለ አይመስለኝም።

ችግሩ የሚመጣው ውጤቱ ምን እንደለካ ስንጠይቅ ነው። አሪስቶትል አንድ ምሳሌ አለው። ጥሩ ጥሩ ዋሽንቶች ቢኖሩ ለማን ይሰጣሉ? ለመልከ መልካሙ ወይስ ለትልቅ ሰው ልጅ? መልሱ «ዋሽንት አሳምሮ ለሚነፋው» የሚል ነው። ዋሽንት የተሠራው ሊነፋ ነውና። እንግዲህ እኛም እንጠይቅ፤ የነርስነት ወንበር የተሠራው ለምንድን ነው? ለጎበዝ ተማሪ መሸለሚያ ነው እንዴ? አይደለም። የተሠራው ለታመመ ሰው ነው። ስለዚህ የዚህ ወንበር ዋና ባለጉዳይ ሰልፉ ውስጥ የለም። ፎርም አልሞላም፣ ፎቶ አላስገባም፣ መዝጋቢው ዘንድ የሚደውልለት ሰውም የለውም። አልጋ ላይ ተኝቷል፤ ወይም ገና አልታመመም።

እስኪ ይህን ባለጉዳይ እናስበው። ከደጋ በቃሬዛ ወርዳ ጤና ጣቢያ የደረሰች ወላድ ናት እንበል። ነርሷ በአማርኛ «ምጡ መቼ ጀመረሽ? ደም አይተሻል?» ትላታለች። ወላዷ አልገባትም። ባሏ ይጠራና ያስተረጉማል። አሁን ልብ በሉ፤ ሴት ልጅ በባሏ ፊት የማትናገረው ስንት ነገር አለ! ከዚህ በፊት ያስወረዳት እንደሆነ፣ ባሏ የማያውቀው ሕመም ካለባት፣ ቤቷ ውስጥ ዱላ ካለ፣ ይህ ሁሉ በአስተርጓሚ ጉሮሮ አያልፍም። በዚያች ሰዓት የቦንኬዋ ልጅ ቋንቋ የሚያድነውን ያህል፣ በሲቀላዋ ልጅ ማስረጃ ላይ ያሉት ትርፍ ጥቂት ነጥቦች ያድናሉ?

ይህ የእኔ ብቻ ሐሳብ አይደለም። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም የቆመው በዚሁ አስተሳሰብ ላይ ነው። 10ኛ ክፍል የጨረሱ ሴቶች ከየአካባቢያቸው ተመረጡ፣ አንድ ዓመት ያህል ሠለጠኑ፣ ሁለት ሁለት ሆነው በየቀበሌው ጤና ኬላ ተመደቡ። ቁጥራቸው ከ30,000 በላይ ሆነ። ስለ ክትባትና ስለ ቤተሰብ ምጣኔ የሚያስረዳ ሰው ጎጆው ደጃፍ ድረስ የመጣው በእነሱ እግር ነው። ሲመረጡ የተጠየቀው «ከአገሩ አንደኛ የወጣችው ማን ናት?» የሚለው አልነበረም። የሰፈሩን ቋንቋ የምትናገርና ስታንኳኳ በር የሚከፈትላት ሴት ነበረች የምትፈለገው።

«እንግዲያው ውጤቱን ትተን ልብ ያላትን እንምረጥ» የሚል ይመጣል። ቆይ ወንድሜ! ልብን የሚለካው ማን ነው? ሦስት ሰዎች በር ዘግተው ነዋ። «ለምን ነርስ መሆን ፈለግሽ?» ይሏታል። «ሕዝቤን ለማገልገል» ትላለች። ከኋላዋ ያለችውም፣ ከእሷ ኋላ ያለችውም እንዲሁ ይላሉ፤ መልሱ ተሸምድዷል። «ሥራ ስለሚገኝበት፣ እናቴንም ስለምረዳበት» ያለችው ልጅ ግን ትወድቅ ይሆናል። እኔ እሷን አልጥልም። እንጀራ ፈልጎ ወደ ሙያ መግባት ነውር የለውም። ያው አሪስቶትል ፍትሐዊ የምንሆነው ፍትሐዊ ነገር በመሥራት ነው ይላል። ዓመት ከዓመት የማታውቀውን ሰው ቁስል ስታጥብ የኖረች ልጅ፣ ስትገባ ያልነበራትን ልብ ስትወጣ ልታገኝ ትችላለች። ስለዚህ ልብን ኮሌጁ በር ላይ አንመዝን። እሱ የሚታየው ሥራው ላይ፣ በሽተኛው አልጋ አጠገብ ነው።

እንግዲህ ውጤት ብቻውን አልበቃም፤ ልብን በዝግ ቢሮ መመዘንም አደጋ ነው። ታዲያ መላው ምንድን ነው? መላው ከጋሞ ደጋ የሚገኝ ይመስለኛል። ጋሞ ትልቅ ጉዳዩን የሚጨርሰው ዱቡሻ ላይ ነው፤ ሜዳ ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየና እየሰማ። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ የደረሰው ግድያ ተሰምቶ አርባ ምንጭ ላይ ወጣቱ በቁጣ ሲወጣ፣ እርጥብ ሣር ይዘው ተንበርክከው ያበረዱትን የጋሞ ሽማግሌዎች ታስታውሳላችሁ። ወጣቱ የሰማቸው ማዕረጋቸውን አይቶ አይደለም። ሣሩ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፤ ሽማግሌዎቹንም ሲኖሩ ያውቃቸዋል። ሰውን መመዘን ይቻላል ማለት ነው። ምዘናውን የሚያበላሸው የተዘጋ በር ነው።

ስለዚህ እኔን ቢጠይቁኝ እንዲህ እላለሁ። ፈተናው ይኑር፤ ግን እንደ ወለል ይሁን። የመድኃኒት መጠን አስልታ መስጠት የማትችል ልጅ የየትም ወረዳ ተወላጅ ብትሆን አትግባ፤ ሟቹ የራሷ ወረዳ ሰው ነውና። ከወለሉ በላይ ላሉት ግን ቋንቋና የሚሠሩበት ቦታ ይቆጠር። ስንት ነጥብ እንደሚያሰጥ ከምዝገባ በፊት ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። የስም ዝርዝሩ ሲወጣም እያንዳንዷ ለምን እንደገባች አብሮ ይውጣ። ዱቡሻ ማለት ይኸው ነው።

የሲቀላዋ ልጅስ? እሷ በእውነት ተጎድታለች፤ ይህን መሸፋፈን አልፈልግም። ሌሊቱን ሁሉ ያጠናችው ለከንቱ እንዳልሆነ ሊነገራት ይገባል። «አልበቃሽም» ማለት ውሸት ነው። እውነቱ «በቅተሻል፤ ይህ ወንበር ግን የቦንኬዋ ወላድ ነው፤ ምክንያቱም እነሆ» የሚለው ነው። ምክንያት የተነገረው ሰው ያዝናል እንጂ አይዋረድም። ምክንያቱ ካልጣማት ደግሞ ልትከራከርበት ትችላለች። ለቦንኬዋም ልጅ «እንኳን አሸነፍሽ» አንበላት። በደጋው ስም የተቀበለችው ነገር አደራ ነው፤ አደራ ደግሞ ይጠየቃል።

ይህን ሁሉ ስል አንዲት ሴት ትዝ ትለኛለች። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ በስደት ዘመን ለንደን በሚገኘው በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተምራ እ.ኤ.አ. በ1939 ጨረሰች። የንጉሥ ልጅ ናት፤ ሙያውንም ታውቃለች። በ1934 ዓ.ም. ግን ነቀምት ላይ ከወሊድ ጋር በተያያዘ ሕመም በ22 ዓመቷ አረፈች። ሁላችንም፣ መዝጋቢውም፣ አማላጁም፣ የንጉሥ ልጅም ብንሆን፣ አንድ ቀን አልጋው ላይ ነን።

ነርስን «ሲስተር» ብለን ነው የምንጠራት፤ እህት ማለት ነው። ሌሊት ሕመም የጠናበት ሰው «ሲስተር!» ብሎ ሲጣራ ውጤቷን አይጠይቅም፣ የማን ዘመድ እንደሆነችም አይጠይቅም። የሚፈልገው ሰምታው እንድትመጣና የሚላት እንዲገባት ነው። የምዝገባ ወረቀት ፊታችሁ ሲቀመጥ ያን ድምፅ አስቡልኝ።