የሌለ ሊግ ሻምፒዮን

አቦምሳ፣ አጎቴ ቤት፣ ቡፌው ላይ ከብርጭቆዎቹ ጀርባ አንድ እጀታው የተሰበረ ዋንጫ አለ። ጋሼ በወጣትነታቸው፣ የእርሻ ልማት ሠራተኞች እርስ በርስ በሚያደርጉት ውድድር ያገኙት ነው። ባለፈው ፋሲካ «እኛ እኮ ሻምፒዮን ነበርን» ሲሉ፣ «የምኑ ሻምፒዮን? ውድድሩ ራሱ የለም እኮ!» ብዬ ሳቅኩ። እሳቸውም ሳቁ። ግን ዋንጫውን ወልውለው ወደ ቦታው መለሱት፤ ከዚያ ወዲህ ወሬውን አንስተው አያውቁም።

ያልኩት ውሸት አልነበረም። ታዲያ ምን አጠፋሁ? «የለም» እና «አልነበረም» አንድ ናቸው?

የኢትዮጵያ ሻምፒዮና በ1936 ዓ.ም. ሲጀመር የተወዳደሩት አምስት ቡድኖች ነበሩ፦ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ እና የእንግሊዝ ጦር ሚሲዮን ቡድን። ዋንጫውን የወሰዱት እንግሊዞቹ ናቸው። ከአምስቱ ዛሬ ሊጉ ውስጥ ያለው ጊዮርጊስ ብቻ ነው። ስለቆየ ብለን የዚያን ዓመት ዋንጫ ለጊዮርጊስ እንሰጠዋለን? አንሰጥም። መቆየት ሌላ፣ ማሸነፍ ሌላ።

አሜሪካኖች ይህን ለመቀበል ዘግይተዋል። ጥቁር የቤዝቦል ተጫዋቾች በትልቁ ሊግ በር ሲዘጋባቸው የራሳቸውን ሊጎች አቋቋሙ። በፈረንጆቹ 1947 ጃኪ ሮቢንሰን ያንን በር ሲያልፍ ሌሎችም ተከተሉት፤ ተመልካቹም አብሯቸው ሄደ፤ የጥቁሮቹ ሊጎች ከስመው ቀሩ። አያችሁ፣ የሚዘጋ ነገር ሁሉ ስላልተሳካ አይደለም የሚዘጋው። ጆሽ ጊብሰን ግን ከዚያ ሦስት ወር ያህል ቀደም ብሎ በ35 ዓመቱ ሞቷል። ተመራማሪዎች ከድሮ ጋዜጦች የለቀሙት ውጤት በ2024 በይፋ ሲመዘገብ፣ ከ1,000 የመምታት ሙከራ 372ቱን በማሳካት አማካይ፣ ጊብሰን ከሁሉም በላይ ተቀመጠ።

ኳሷን የመታት ግን በ2024 አይደለም። መዝገቡ እውነቱን አልፈጠረም፤ የቆየ ዕዳ ከፈለ እንጂ።

«እና ማንም ተነስቶ ሻምፒዮን ነበርኩ ቢለን እንመን?» ትሉኝ ይሆናል። አይ፣ ለጊብሰን የደረሰለት የተጻፈ ውጤት ነው። የጋሼን ጨዋታ ግን ማንም ጋዜጣ አልጻፈውም፤ የቀረው መዝገብ እሳቸው ራሳቸው ናቸው። እኔ የሳቅኩት በዚያ መዝገብ ላይ ነው። ማመን ባልገደድ እንኳ መጠየቅ ነበረብኝ።

ባለፈው እሁድ ደብተር ይዤ ሄድኩ። «ጋሼ፣ እስቲ አሥራ አንዱን ይንገሩኝ።» ዘጠኙን ባንድ ትንፋሽ ጠሩ። የግራ ክንፉና የበረኛው ስም ግን ጠፋባቸው። ሁለት መስመር ክፍት ትቻለሁ።