ማንም ጋ የማይሄድ ሰው

በናይሮቢው የኪሊማኒ ሰፈር አንዳንድ የውስጥ መንገዶች መግቢያ ላይ አግዳሚ ብረት አለ። መኪና ሲመጣ ጥበቃው ታርጋውን መዝገብ ላይ ይጽፍና ብረቱን ያነሳል። ብስክሌተኛ ሲመጣ ግን ግራ ይገባዋል፤ ብስክሌት ታርጋ የለውማ። «ማን ጋ ነህ?» ይላል። ሰውየው ማንም ጋ አይደለም። ሊያልፍ ነው።

የጥበቃው ጥያቄ ለሃይማኖት ሊቃውንትና ለፈላስፎችም የቆየ ራስ ምታት ነው። የማይገዛ፣ የማይሰፍር፣ አልፎ የሚሄድ ሰው የሚያልፈው በመብቱ ነው ወይስ በባለቤቱ ደግነት?

በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 20 ሙሴ ወደ ኤዶም ንጉሥ መልእክተኛ ይልካል። እርሻና የወይን ቦታ እንደማይረግጡ፣ የጉድጓድ ውሃ እንደማይነኩ፣ ከንጉሡ ጎዳና ቀኝም ግራም እንደማይሉ ቃል ይገባል። እምቢ ሲባል ከብቶቻችን ውሃ ከጠጡ ዋጋውን እንከፍላለን ብሎ ይጨምራል። ኤዶም በአቋሙ ጸና፤ እስራኤል ዞረው ሄዱ። በቀጣዩ ምዕራፍ ያንኑ ጥያቄ የአሞራውያን ንጉሥ ሴዎንም አልተቀበለም፤ ያኔ ግን ጦርነት ሆነ። የቤተ ክርስቲያን አባት አውግስጢኖስ ይህን ሲያብራራ ጉዳት የማያደርስን መንገደኛ መከልከል ራሱ በደል ነው አለ። የሕግ ሊቁ ሁጎ ግሮቲየስም በ1625 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ባሳተመው የጦርነትና የሰላም ሕግ መጽሐፉ ይህንኑ ይዞ ተከራከረ።

ሐበሻም የራሱ መልስ ነበረው። መሽቶበት «ቤት ለእንግዳ» ላለ መንገደኛ ባለቤቱ «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ይላል። ባለቤት ነኝ ባይ በገዛ አፉ ባለአደራ ሆነ ማለት ነው።

ችግሩ ኤዶምም ምክንያት ሊኖረው መቻሉ ነው። ከኪሊማኒ ተነስቶ ወደ ሊሙሩ የሻይ ማሳዎች የሚወጣ ብስክሌተኛ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ዳገት ይጠብቀዋል። ወደዚያ የሚያወጣው ትልቁ ጎዳና ዋያኪ ዌይ ይባላል፤ ስሙም የኤዶምን ፍርሃት የሚያስረዳ ታሪክ ያስታውሳል። የብሪታንያ ኩባንያ ሰው የነበረው ፍሬድሪክ ሉጋርድ በ1890 ወደ ኡጋንዳ ሲያልፍ ከኪሊማኒ በስተምዕራብ ባለችው ዳጎሬቲ ከኪኩዩው መሪ ከዋያኪ ዋ ሂንጋ ጋር የወንድማማችነት ቃል ኪዳን ገብቶ ምሽግ ሠራ። የኩባንያው ሰዎች ለጊዜው መንገደኞች ነበሩ። በ1892 ዋያኪን አስረው ወደ ባሕር ዳርቻ ሲወስዱት ኪብዌዚ ላይ ሞተ። በ1903 ሊሙሩ ላይ የመጀመሪያው ሻይ ተተከለ፤ የ1915ቱ የዘውድ መሬት ሕግ ደግሞ ለሰፋሪዎች የ999 ዓመት ሊዝ ፈቀደ። ማለፍ ብቻ ነው ያለው ሰው ባለርስት ሆኖ አረፈው። ከዚህ ታሪክ በኋላ አላፊን በጥርጣሬ ማየት ክፋት ነው ለማለት ድፍረት ይጠይቃል።

ስለዚህ ከአውግስጢኖስ ፍርድ ይልቅ የሙሴ ዝርዝር ይበልጥ ይጠቅማል። ሙሴ መብቴ ነው አላለም፤ ምን እንደማይነካ ቆጠረ። በሻይ ማሳ መካከል ባለው ቀጭን የአፈር መንገድ የሚነዳ ሁሉ ያው ዝርዝር አለበት፦ ቅጠሉን አለመርገጥ፣ ከመስመር አለመውጣት፣ ቅርጫት የተሸከመች ለቃሚ ስትመጣ ወርዶ ማሳለፍ። ይህን የሚጠብቅን ሰው መከልከል ግን፣ በዚህ ጸሐፊ ሚዛን፣ ኤዶምን እንኳ አያስመሰግንም።

የኬንያ ሕግ በወረቀት ከሙሴም ከኤዶምም ይቀድማል። የ2010 ሕገ መንግሥት አንቀጽ 62 መንገዶችንና መተላለፊያዎችን ከሕዝብ መሬት ይቆጥራል። ሆኖም ሕገወጥ የመሬት እደላን የመረመረው የንዱንጉ ኮሚሽን በ2004 የወጣው ሪፖርቱ ለመንገድ የተከለለ መሬት ሳይቀር ለግለሰቦች መታደሉን ዘርዝሯል። በየወሩ መጨረሻ ቅዳሜ በናይሮቢ ጎዳናዎች ተሰብስቦ የሚነዳው ክሪቲካል ማስ ናይሮቢ የተባለው የብስክሌተኞች ስብስብ ከ2014 ጀምሮ የሚያደርገው፣ ወረቀቱን በጎማ ማስታወስ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ምሳሌ ግን የናይሮቢው የካሩራ ደን ነው። የአካባቢ ተሟጋቿ ዋንጋሪ ማታይ ጃንዋሪ 8 ቀን 1999 ደኑ ለግል ገንቢዎች መታደሉን በመቃወም ችግኝ ልትተክል ሄዳ በሩ ላይ ተደበደበች። ደኑ ተረፈ፤ ኋላም በኤሌክትሪክ አጥር ተከበበ። አጥሩ ግን መንገዱን ከፈተው፦ ድሮ ሰው በወንበዴ ፍርሃት ይሸሸው የነበረ ጫካ ዛሬ ሴቶች ብቻቸውን የሚሮጡበት፣ ልጆች ብስክሌት የሚማሩበት ሆኗል። ለመግባት ይከፈላል። የኪሊማኒ ብስክሌተኛ ሳያጉረመርም ይከፍላል፤ ሙሴም ለውሃው ልክፈል ብሏል። ለውሃ መክፈልና ለመንገድ መክፈል ግን አንድ አይደሉም፤ ጫካውን አቋርጦ ወደ ቀን ሥራ ለሚሄድ ሰው ልዩነቱ የዕለት እንጀራው ነው።