ባለዘውዱ ንስርና የበደል ጥያቄ

ባለዘውድ ንስር በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ እርጥብ ደኖች ከሚኖሩ አዳኝ አእዋፍ ሁሉ ብርቱው ነው። ክብደቱ 5 ኪሎ ባይሞላም ከራሱ የሚከብድ ጉሬዛና ሚዳቋ ይጥላል። ክንፉ አጭርና ሰፊ፣ ጭራው ረጅም በመሆኑ ጥቅጥቅ ባሉ ዛፎች መሀል እንደ ልቡ ይታጠፋል። ቅጠል ውስጥ ተሸሽጎ ረጅም ሰዓት ይጠብቅና ድንገት ይወርዳል። ከደኑ በላይ እየበረረ ሲጮህ ከሩቅ ይሰማል፤ ሲያድን ግን ያየው ሰው ጥቂት ነው።

እንስቷ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት እንቁላል ትጥላለች፤ 50 ቀን ያህልም ትታቀፋለች። ሁለቱም ከተፈለፈሉ ቀድሞ የወጣው ጫጩት ታናሹን ደብድቦ ወይም ምግብ ከልክሎ ይገድለዋል። እናቲቱ እያየች አትገላግልም። ሊቃውንት ይህን ጠባይ በቃየል ስም ጠርተውታል።

ፍርዱ ግን ሚዛናዊ አይደለም። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 4 ቃየል ወንድሙን ከመግደሉ በፊት ይመከራል፤ በደሉም ምክሩን ሰምቶ መተላለፉ ነው። ጫጩቱን የመከረው የለም፤ ሌላ መንገድም አያውቅም። እንግዲህ ጥያቄው ከወፏ ወደ ፈጣሪዋ ይሻገራል፦ በሌላው ደም የሚቆም ሕይወት ለምን ተፈጠረ?

የተለመደው መልስ ጥቅምን ይቆጥራል፤ አዳኙ የጦጣውን ብዛት ይገታል፣ ደኑም ይጠበቃል ይላል። ይህ ለደኑ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ለተያዘችው ጉሬዛ ግን መልስ አይሆናትም። መጽሐፈ ኢዮብ በዚህ ረገድ የበለጠ ሐቀኛ ነው። በምዕራፍ 39 ፈጣሪ ለተሠቃየው ሰው ሲመልስ ጭልፊቱንና ንስሩን ይጠራል፤ የንስሩ ጫጩቶች ደም መጠጣታቸውንም አይሸሽግም። ምክንያት አያቀርብም፤ የእርሱ መሆናቸውን ብቻ ይናገራል። ቁርአንም በሱረቱል አንዓም 38ኛ አንቀጽ በክንፎቻቸው የሚበርሩትን እንደ ሰው ሕዝቦች አድርጎ ሲቆጥር አዳኙን ከታዳኙ አይለይም። ንስሩ በሚኖርባቸው ደኖች አጠገብ ባለችው ጅማ መጽሐፍ ቅዱስና ቁርአን ጎረቤታሞች ናቸው።

ሰው ራሱ ይህን ጥያቄ ከዳር ቆሞ የሚመለከት አይደለም። በ1924 እ.ኤ.አ. በደቡብ አፍሪካ ታውንግ የተገኘው የጥንታዊ ሕፃን ራስ ቅል በዓይኑ ጉድጓድ ላይ ያለው ጉዳት የዚህ ዓይነት ንስር ጥፍር ከሚተወው ምልክት ጋር ስለተመሳሰለ፣ ተመራማሪዎች ልጁን የገደለው ትልቅ ንስር ነው ብለዋል።

እንግዲህ በጅማ ዙሪያ ባሉት በአጋሮ፣ በሊሙና በጌራ የቡና ደን ውስጥ በደል ካለ፣ ማሰብና መተው ከሚችለው ፍጡር ዘንድ ነው። ቡና ጥላ ይፈልጋል፤ የቡናው ባለቤት ግን ጥላውን ሲያሳሳ እንደ ቀረሮ ያሉትን ትልልቅ ዛፎች ይቆርጥ ወይም ይተው ዘንድ ይመርጣል። ንስሩ ጎጆውን የሚሠራው በእንዲህ ያሉ ዛፎች ላይ ሲሆን፣ ዓመት ከዓመት እያደሰ ይኖርበታል። ጥንዶቹ በሁለት ዓመት አንድ ጫጩት ብቻ ያሳድጋሉ፤ እርሱም ከጎጆ ከወጣ በኋላ ለአንድ ዓመት ገደማ በወላጆቹ ይመገባል። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ባለዘውድ ንስርን ለመጥፋት አደጋ ከተቃረቡ ዝርያዎች መካከል መድቦታል።