የተነቀለ ጥርስ፣ ጾምና ቁርባን

ጥርስ ሲነቀል ጉድጓዱ ውስጥ ደም ይረጋል። ቁስሉ የሚሽረው ከዚያ ከረጋ ደም በታች ስለሆነ ሐኪሙ ጎዝ አስነክሶ ግማሽ ሰዓት ያህል ያስገጥማል፤ እስከ ማግሥቱም መጉመጥመጥና መትፋት ይከለክላል። ጾመኛና ቆራቢ በሚበዛባቸው በብቸናና በሞጣ ግን ነገሩ በዚህ አያበቃም። አፉ የሚደማ ሰው ይቆርባል ወይ? ኪኒኑን ከምግብ ጋር ዋጥ የተባለ በሽተኛስ ጾሙን ምን ያድርገው?

የመጀመሪያው ብዙ አያከራክርም። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት የሚደማ ሰው ደሙ እስኪቆም ከቁርባን ይቆያል፤ ቀዳሹ ካህንም ቢሆን ያው ነው። የቆረበ ሰውም በዚያ ቀን አይተፋም። ሐኪሙም ካህኑም «አትትፋ» ማለታቸው ደስ ይላል፤ ምክንያታቸው ግን ለየቅል ነው። በፍልሰታ ለመቁረብ ያሰበ፣ ነሐሴ 1 ሳይገባ ቢያስነቅል ይሻለዋል።

ሁለተኛው ጥያቄ ጠለቅ ይላል። ስለ ጾም የሚደነግገው የፍትሐ ነገሥት አንቀጽ 15 ሕመምተኛን ከግዴታው ያወጣል። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ጢሞቴዎስ ተመሳሳይ ነገር ሲጠየቅ፣ ጾም የታዘዘው ሥጋን ለማዋረድ ስለሆነ ሕመም አስቀድሞ ያዋረደው ሥጋ የሚችለውን ይብላ ብሏል። ሊቆርብ ሲል አፉን እየታጠበ ሳያስበው ውሃ የዋጠውንም አልከለከለም፤ ቢከለከል ሰይጣን ሰበቡን ያዘወትረዋልና። በዲማ ጊዮርጊስና በደብረ ወርቅ ሊቃውንት አገር እንዲህ ያለው ክርክር እንግዳ አይደለም። ችግሩ ሌላ ነው፦ ብዙ ጾመኛ የነፍስ አባቱን ሳያማክር በራሱ ላይ ከቀኖናው የከበደ ሕግ ያወጣል። የጠዋቱን መድኃኒት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያቆየዋል፤ ወይም የሕመም ማስታገሻውን በባዶ ሆዱ ውጦ ጨጓራውን ያቃጥላል። ይህን ከጽድቅ መቁጠር ያስቸግራል።

ጥርሱ በተነቀለ በሦስተኛው ቀን ገደማ ሕመሙ ሊያገረሽ ይችላል። የረጋው ደም ተነሥቶ አጥንቱ ባዶውን ሲቀር ሕመሙ እስከ ጆሮ ይዘልቃል፣ አፍም ይሸታል። የታችኛው መንጋጋ ጥርስ፣ በትግል የወጣ ጥርስና ሲጋራ ለዚህ ያጋልጣሉ። ሰፈሩ «ምች ነው» ብሎ ዳማከሴ ይጨምቃል፤ አንዳንዱም የኃጢአት ዋጋ ያደርገዋል። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ማን በደለ ብለው ሲጠይቁ የተሰጣቸው መልስ ይህን አስተሳሰብ አይደግፍም። ሐኪም ጉድጓዱን አጥቦ መድኃኒት ይሞላበታል፤ ሕመሙም ይበርዳል።

ጠበልና ሐኪም ቤትን ማፎካከርም መሠረት የለውም። ሲራክ በምዕራፍ 38 በሽተኛው እንዲጸልይ፣ ለባለ መድኃኒቱም ስፍራ እንዲሰጥ በአንድነት ያዝዛል። ጠበሉን ቀስ ብሎ መጠጣት አይጎዳም፤ በመጀመሪያው ቀን መጉመጥመጥ ግን የተባረከ ውሃም ቢሆን የረጋውን ደም ያነሣል።

ደሙ በጎዝ አልቆም ካለ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ከአገጭ ሥር ካበጠ፣ አፍ መክፈትና መዋጥ ካስቸገረ፣ ወደ ብቸና ወይም ወደ ሞጣ ሆስፒታል በዚያው ቀን መሄድ ያስፈልጋል፤ ቀኑ ስቅለትም ቢሆን።